ከበሮ አንቱ አያውቅም

ዶዪን አርፎ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ጆሮዋ አያስቀምጣትም። የጎረቤት ጄኔሬተር ሲነሳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐይ መትቶት ሲንጣጣ፣ አካራ የሚሉትን የባቄላ ጥብስ የምትሸጥ ሴት ድምፅዋን አስረዝማ ስትጣራ፣ ሁሉም እሷን የጠራት ይመስላታል። ልጅ ሳለች ምግቧን ጥላ ድምፅ ተከትላ ትሄድ ነበር። አድጋም አልተሻላትም፤ እንዲያውም ሥራ አደረገችው። ድምፅ ትለቅማለች፣ የለቀመችውን ትቆርጣለች፣ ትለጥጣለች፣ አንዱን ባንዱ ላይ ትደርባለች፤ ከዚያ መብራቱ በጠፋ አዳራሽ ውስጥ በትልልቅ ስፒከሮች ትለቀዋለች። በርሊንና ኦስሎ ያሉ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጧታል። ኦዮ ከተማ፣ አባቷ ግቢ ውስጥ ግን ስሟ «ጯሂት» ነው።

ስሙን ያወጡላት ራሳቸው አባቷ፣ ባባ አያንታዮ ናቸው። የአያን ወገን ከጥንትም ከበሮ መቺ ነው፤ ሲወለድ ስሙ ከአያን ይጀምራል፣ በእግሩ ሳይቆም መምቻ ይጨብጣል። የዶዪንም ሙሉ ስም አያንዶዪን ነው። ስሙን ሰጧት፣ መምቻውን ግን አልሰጧትም። ሴት ናታ።

በዚህ ግቢ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ አይገባም። ባባ አያንታዮ በሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ «እናቲቱ» የምትባለውን ትልቋን ከበሮ በግራ ብብታቸው ሸጉጠው፣ ጠፍሮቿን ጨበጥ ለቀቅ እያደረጉ በቆልማማው መምቻ የመጣውን ሁሉ በስሙና በዘሩ ያወድሱት ነበር። እንግዳው ደፉን ተሻግሮ እስኪገባ ድረስ አያቋርጡም። ለሹመኛ መትተዋል፣ ለሙሽራ መትተዋል፣ ለኢማሙ መትተዋል፤ ሌላው ቀርቶ ሲሚንቶ ሊያራግፍ ለመጣ ሾፌር ሳይቀር መትተዋል፤ ሰውየው ደንግጦ አንድ ጆንያ ጣለ። ለዶዪን ግን አንድ ቀን እንኳ አልመቱላትም። ከባሕር ማዶ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትመጣ ቀና ብለው ያዩዋትና «መጣሽ?» ይሏታል፣ በአፋቸው። በአፍማ ማንም ይላል። ይህ ነገር እንደ እሾህ ተሰክቶባት ነው የኖረችው።

ከሁለት ዓመት በፊት የባባ አያንታዮ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቲቱ ከበሮ ግድግዳ ላይ ተሰቀለች። ዶዪን ያን ጊዜ ተስፋዋን ቆረጠች፤ ለሰው ሁሉ መምታት ያቆሙ ሰው ለእሷ አይጀምሩም። የቀራት አንድ መንገድ ነበር። እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ድምፃቸውን ቀርጻ ነበር፤ ፈቅደውላት። «ውሰጂው» አሏት ያኔ፤ «ግን አትቁረጪው። ቃል እንደ ጨርቅ አይቆረጥም።» እሺ ብላቸው ነበር። እንግዲህ ያንን ቅጂ ሥራ አድርጋ፣ በርሊን ካሰማችው በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሀገሯ፣ ቅዳሜ በገበያው አደባባይ ልታሰማ ነው። አባቷ ከፊት ተቀምጠው ሰምተው፣ «ይሄም ከበሮ ነው» ቢሉላት፣ ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ቆረጠችው ወይ? ቆረጠችው። ሳትወድ ነው ብሎ ስለ እሷ መዋሸት አይቻልም፤ ወዳ ነው። ከግቢው አጠገብ የአክስቷ የበርበሬ ወፍጮ አለ። ዶዪን የወፍጮውን ጩኸት ከእናት ጡት ጋር ነው የጠባችው፤ ከጧት እስከ ማታ አንድ ድምፅ፣ ሳይወጣ ሳይወርድ። የሥራዋን መሠረት ያደረገችው ያንን ነው። በላዩ ላይ የአባቷን ከበሮ አስቀመጠች፤ አባወራ ከመንገድ ሲመለስ የሚመታውን፣ «ባባ መጣ» የሚለውን። ግን የመጨረሻዋ ምት ከወፍጮው ጋር አልስማማ አለች። ከፍ ብላ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ሳምንት ሙሉ ኢባዳን ቤቷ ውስጥ ስትንቆራጠጥ ከረመች፤ ተቀመጠች ተነሣች፣ መስኮት ከፈተች ዘጋች። በመጨረሻ ያቺን አንድ ምት ብቻ ይዛ በኮምፒውተሩ ትንሽ ዝቅ አደረገቻት። ምቷ ወፍጮው ላይ ቁጭ አለች። ዶዪንም ያን ቀን ደረቷ ቀለላት፤ ምን እንደሠራች ግን አላወቀችም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሥራዋን ከእውነተኛው ወፍጮ ጋር ልትሞክር ኦዮ መጣች። ተንበርክካ ሰላም አለች።

«ደህና አደሩ ባባ።»

«መጣሽ?» አሉ በአፋቸው።

እሾኋ ነካ አደረጋት። ያመጣቻቸውን አራት ጡሩምባ ስፒከሮች ማንጎው ዛፍ ላይ መስቀል ጀመረች። ባባ አያንታዮ ከወንበራቸው ሆነው ያዩዋታል። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘውታል፤ እንዲህ ካልያዙት አይቀመጥላቸውም።

«ጯሂት፣ ዛፌ ላይ መስጊድ ልትከፍቺ ነው?»

ከግንቡ ወዲያ አክስቷ ሳቀች። ስሟ ዎሲላ ነው፤ ሰፈሩ ግን ኢያ ወፍጮ፣ የወፍጮ እናት፣ ይላታል፤ ከወፍጮው በላይ ስለምትጮህ። «ተዋት ወንድም ዓለም! እኔ የሚገርመኝ ፈረንጆቹ ናቸው። የወፍጮዬን ጩኸት ፈልገው ነው ዓይናቸውን የሚጨፍኑት? ነግረውኝ ቢሆን እኔው ሄጄ አደነቁራቸው ነበር!»

«ባባ» አለች ዶዪን ከመሰላሉ ሳትወርድ፤ ፊታቸውን ላለማየት። «ቅዳሜ ይመጣሉ አይደል? ወንበርዎን ከፊት አስይዣለሁ።»

«ቆርጠሽዋል?»

ገመድ አጠበቀች። የጠበቀውን ገመድ ደግማ አጠበቀች።

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

«ትንሽ… ገጣጠምኩት።»

«የተገጣጠመ ቃል መስማት ለሚወድ ሰው ወንበሬን ስጪልኝ» አሉና ተነሥተው ክፍላቸው ገቡ። በሩ ተዘጋ።

መብራት የሄደው በዚያው ቅጽበት ነው። ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ፣ ከስፒከሮቹም የአንዱ ገመድ ተቃጥሎ ሸተተ። ዶዪን እዚያ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ያንን የተዘጋ በር ማየት አልቻለችም። መብራት ይምጣ አይምጣ ሳታስብ፣ ሥራዋን እየደጋገመ እንዲያሰማ ያዘጋጀችውን መሣሪያ እንደከፈተችው ትታ፣ ገመድ ልትገዛ በኦካዳ ሞተር ወደ ገበያ በረረች።

ገመድ ሻጩ የተጠላለፈ ሽቦ ሲፈታ እሷ እግሯን እያወዛወዘች ትጠብቃለች። ድንገት ከየመንደሩ የልጆች ጩኸት ተነሣ፤ «መብራት መጣ! መብራት መጣ!» ወዲያው ከዛገው የጣሪያ ባሕር በላይ፣ ከሩቅ፣ ከአባቷ ግቢ በኩል፣ ከበሮ ተሰማ።

መጀመሪያ ደስ አላት። እዚህ ድረስ ይሰማል ለካ! አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጥራቱን ማዳመጥ ጀመረች። አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ግን በእጇ የያዘችውን ሽንኩርት መልሳ ቁናው ላይ አስቀመጠች። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ወይኔ ሰውየው! ባባ አያንታዮ!»

ያን ጊዜ ነው ቃሉ ዶዪን ጆሮ የገባው።

እኛ «አለ»ን አጥብቀን ስንል ሰውየው በሕይወት አለ፤ አላልተን ስንል አንድ ነገር ተናገረ። የኦዮ ሰዎች ቋንቋ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲህ ነው፤ ድምፅ ከፍ ሲል ሌላ ቃል፣ ዝቅ ሲል ሌላ ቃል። ከበሮውም የሚናገረው በዚያው ነው። «ባባ መጣ» እና «ባባ ሄደ» በከበሮ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ምት ብቻ ነው። ከፍ ካለች መጣ፣ ዝቅ ካለች ሄደ። ሽማግሌ ሄደ ሲባል ደግሞ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዶዪን መሣሪያ በቀሩት ሦስት ጡሩምባዎች፣ በባባ አያንታዮ በራሳቸው እጅ፣ ለኦዮ ሕዝብ «ባባ ሄደ፣ ባባ ሄደ፣ ባባ ሄደ» እያለ ነበር።

ራሷ የሠራችው መሆኑን ታውቃለች። በርሊን ስትጫወተው ማንም አልደነገጠም፤ እሷም ራሷ አልደነገጠችም። ድምፁን እንጂ ቃሉን መች ሰምታው! የጄኔሬተር ድምፅ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ከሩቅ የሚያውቅ ጆሮ፣ የገዛ አባቷን ሞት ሳይሰማ ቀረ። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ እሳቸው ያሉት ስፒከሮቹ ሥር ነው። ተኝተው ሳሉ በገዛ እጃቸው ሞታቸው ቢነገራቸው፣ ያ የደከመ ልብ ይችለዋል? ገመዱን ሻጩ እጅ ላይ ትታ ሮጠች።

«ንዳ! የከበሮ መቺዎቹ ሰፈር!»

«እህቴ፣ እዚያ መንገዱ በለቀስተኛ ተዘግቷል» አለ የሞተሩ ነጂ። «ባባ አያንታዮ አርፈዋል።»

«አላረፉም!»

«ከበሮው እኮ ነው የተናገረው። አንቺ ከከበሮው ልትበልጪ ነው?»

«ንዳ አልኩህ!»

ነዳ። ዶዪን ከኋላ ተቀምጣ የነጂውን ትከሻ ቆንጥጣ ይዛዋለች። በየመንገዱ ዳር ሴቶች ሽርጣቸውን እያጠበቁ ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች ቆባቸውን አውልቀው ቆመዋል፤ አንድ ሰው በግ እየጎተተ ይሄዳል። ከላይ ከበሮው አያቆምም። ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜዋ ጆሮዋን መድፈን ፈለገች።

ግቢው ጢም ብሏል። አክስቷ መሬት ላይ ተዘርራ «ወንድም ዓለም፣ ጥለኸኝ! ሳትሰናበተኝ!» ትላለች። ኢማሙ አልሃጂ ሙፉታው መቁጠሪያቸውን ይዘው ስለ መቃብሩ ያነጋግራሉ። ዶዪን ማንንም ሳታይ ሰው እየገፈተረች ገመዱን ከሶኬቱ መዘዘችው። ከበሮው በ«ባባ» ላይ ተቆረጠ።

የክፍሉን በር በረገደችው። ምንጣፉ ባዶ ነው። ወንበሩ ባዶ ነው።

«የት አሉ?» ጮኸች። «ባባ የት አሉ? ማን ወሰዳቸው?»

ሁሉም የመጣው ለቅሶ ሊደርስ ነው፤ አስከሬን ያየ ሰው የለም። አልሃጂ ሙፉታው ዞር ዞር ብለው አዩ። «ማነው ያጠባቸው?» አሉ።

«እኔው ነኝ» አለ ድምፅ ከጓሮ።

ባባ አያንታዮ ናቸው። ወገባቸው ላይ ፎጣ፣ ግራ ጆሯቸው ላይ ሙሉ የሳሙና አረፋ፣ በእጃቸው የገላ ባልዲ። «ገላዬን ስታጠብ ነበር። አልሃጂ፣ በእናንተ ኪታብ የሞተ ሰው ራሱን ያጥባል እንዴ?»

ግማሹ ሰው ወደ በሩ ሸሸ። አክስቷ ከመሬት ተነሥታ መጀመሪያ ትከሻቸውን መታቻቸው፣ ከዚያ አቀፈቻቸው፣ ከዚያ ደግማ መታቻቸው። «እንባዬን መልስ! ሽማግሌ! በግ ሊታረድልህ ነበር እኮ!»

«በጉን አትመልሱት» አሉ ባባ አያንታዮ። «ግን የገረመኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ‹ባባ ሄደ›! ሲያንስ ሲያንስ ‹ሄዱ› አይባልም?»

«ከበሮ አንቱ አያውቅም» አለች አክስቷ አፍንጫዋን እየጠረገች። ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ።

ዶዪን አልሳቀችም። መሬቱ ላይ ተንበርክካለች። አባቷ ሳሙናቸውን በፎጣው ጫፍ ጠርገው፣ ቀስ ብለው መጥተው ከፊቷ ቆሙ።

«ሰምተውት ነበር?» አለች ሳታያቸው።

«ሰማሁት። ሁለት ዓመት ያጣሁትን እጄን ሰማሁት።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «‹ባባ ሄደ› ሲል የሄደው አባቴ መሰለኝ። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እያለ ለአባቴ አለቀስኩ። ቆይቼ ነው፣ ‹እኔ እንዲህ ብዬ መትቼ አላውቅም› ያልኩት። ምን አድርገሽው ነው?»

«የመጨረሻዋን ምት ዝቅ አደረግኋት።»

«ለምን?»

«አላርፍ አለችኝ፣ ባባ። ከወፍጮው ጋር አላርፍ አለችኝ። እንድታርፍ ብዬ…»

«እሷን አሳረፍሽና እኔንም አሳረፍሽኝ።» የሳቁ መሰሉ፤ አልሳቁም። «ልጄ፣ መጣ የሚል ቃል እንዴት ያርፋል? የመጣ ሰው ገና በር ላይ ነው ያለው። የሚያርፈው የሄደ ነው።»

ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ስለ ድምፅ የማታውቀው ነገር በፎጣ የታጠቀ ሰው አፍ ውስጥ መኖሩ አሳፈራት፤ ከዚያ ይልቅ ግን ፎጣውን ይዛ ማልቀስ ነበር ያማራት። በሕይወት አሉ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ስልኮች ግን መጮህ ጀምረዋል። ሌጎስ ያለው የወንድማቸው ልጅ መንገድ ላይ ነው። ኢሴይን ያሉት ዘመዶች መኪና ተከራይተዋል። አክስቷ በስልክ «አለ እኮ! አለ!» ትላለች፤ ከወዲያ ማዶ አያምኗትም። ከበሮ የተናገረውን አፍ ቢያስተባብል ማን ይሰማል?

«አሁን አስተካክለዋለሁ» አለች ዶዪን ብድግ ብላ። «ያቺን ምት መልሼ ከፍ ባደርጋት…»

«ያንን ለቅዳሜ አስተካክዪው» አሉ አባቷ። «ገበያ መሃል ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ ደግመሽ ከገደልሽኝ ግን ውርድ ከራሴ! አሁን እሷን አውርጂልኝ።»

እናቲቱን ከበሮ ከግድግዳው አወረደች። አቧራዋን በቀሚሷ ጠረገችው። ባባ አያንታዮ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ማንገቻውን በግራ ትከሻቸው አንግተው፣ ከሰዉ ጋር ከበሩ ውጭ ወደ መንገዱ ወጡ። ግራ እጃቸው ጠፍሮቹን ጨበጠ። ቀኝ እጃቸው መምቻውን አነሣ። መምቻው ቆዳው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ አንዷን ምት ሦስት አራት አደረጋት። ከበሮዋ ተንተባተበች። ደግመው ሞከሩ፤ ባሰ። አልሃጂ ሙፉታው ሳል ያዛቸው። ሰው ሁሉ ቀይ አፈሩን ያይ ጀመር፤ ኦዮ ውስጥ የዚህን ሰው እጅ እንዲህ ሆኖ ማየት የፈለገ የለም።

«ጯሂት» አሉ። «ነይ እዚህ። ዱላውን ያዢ።»

«ወንድም ዓለም!» አለች አክስቷ። «ሴት ልጅ መምቻ ልትይዝ?»

«ዎሲላ፣ እኔ ዛሬ የሞትኩ ሰው ነኝ። የሞተ ሰው ማንን ይፈራል?»

ዶዪን መምቻውን ተቀበለች። እንጨቱ ላይ የአባቷ አውራ ጣት ለዘመናት ያጎደጎደው ቦታ አለ፤ የእሷ አውራ ጣት እዚያ ገባ። በአባቷ ቀኝ ተጠግታ ቆመች። መታች፤ ቸኮለች፤ ደግማ መታች።

«ቀስ! አንቺ ምቺ እንጂ አትናገሪ። የምናገረው እኔ ነኝ።»

ግራ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም ልብ አላለውም፤ እሳቸውም ጭምር። የከበሮዋ ምላስ ያለው ጠፍሮቹ ላይ ነው፤ መምቻው መቀስቀሻ ነው። ዶዪን ስትመታ፣ እሳቸው ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ጨበጥ አደረጉ፤ ከብብታቸው ሥር የከበሮዋ ድምፅ ወረደ፣ ወጣ፣ መሃል ቆመ፣ በመጨረሻዋ ምት ሽቅብ ተሰቀለ። ባባ መጣ። ባባ መጣ። ከመንገዱ ወዲያ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ከእሷም ወዲያ ሌላዋ። እልልታው ከጣሪያ ጣሪያ እየተቀባበለ ወደ ገበያው ሄደ። አክስቷ ስልኳን ወደ ከበሮው ዘርግታ «ስሙ! ራሳችሁ ስሙት!» ትላለች።

ዶዪን ክንዷ ዛለ፤ አላቆመችም። ከዚያ ከበሮዋ ሥር አንድ ነገር ተለወጠ። መድረሻው ያው ሽቅብ የሚሰቀለው ነው፤ መነሻው ግን ሌላ ሆነ። እጇ እየመታ ሳለ፣ ድምፁ ምን ያህል እንደወጣ፣ ከምን ጋር እንደሚሄድ፣ ምንም አልሰማችም። የሰማችው ቃሉን ብቻ ነው።

ልጅ መጣች። ልጅ መጣች። አያንዶዪን፣ የአያን ልጅ፣ መጣች።

እጇ ቆመ። አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው የሚያዩት በሩን ነው።

«ባባ» አለች። «ይሄ… ለእኔ ነው?»

ባባ አያንታዮ ጠፍሮቹን እንደጨበጡ፣ ከእሷ ጋር አንድ እርምጃ ወደ ደፉ ተራመዱ።

«ምቺ እንጂ» አሉ። «ገና አልገባሽም።»